ልኬየለሽ

እናቴ ስም ስታወጣ «ልኬየለሽ» አለችኝ፤
ዕድሌ ግን ሜትር አስይዞ አስፋልት ላይ አዋለኝ።
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎማ የጻፈውን ሳነብ፣
ማን እንደጠጣ፣ ማን እንዳንቀላፋ በጠመኔ ስመዘግብ፣
ሹፌሩ ሁሉ ሲምልልኝ፣ አንዱ «ወላሂ»፣ አንዱ «ማርያምን»፣
አልሰማም፤ የመሬቱን ነበር የምቀበለው ቃሉን።

ሐምሌ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ። የዝናቡ ክር አልተቆረጠም።
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ የቆመችውን መኪና ባትሪዬ ሲያገኛት
ታርጋ ማንበብ አላስፈለገም፦
የኛው ናት።
በሯ ላይ አርማችን፣ ግንባሯ ላይ ስንጥቅ፣
መሪው ላይ ኮንስታብል ገላና፣ ሞተር ማጥፋት የረሳ፣
ፊት ለፊቱ ሸምሰዲን፣ የመንቲናው አናጢ፣ ወድቆ የማይነሳ።
ሦስት በርጩማ ነበር የያዘው፣ ለሐሙስ ገበያ ሊያደርስ፤
ሁለቱ ብትንትን ብለዋል፣ አንዷ ግን ምኗም ሳይፈርስ
በሦስት እግሯ ቆማለች ከአስፋልቱ መሐል፣
ቁጭ የሚል እንግዳ የምትጠብቅ ይመስል።

«ጥሪ ነበር፣ ሳጅን፤ ኮቺ ሴት ትጮሃለች ተባልኩ፤
ነፍስ ላድን ብዬ እኮ ነው፣ ነፍስ ላድን ነው የበረርኩ።»
አውቃለሁ። ገላናን አውቀዋለሁ።
አምና አዌቱ ሲሞላ፣ የማያውቀውን ልጅ
ጫማውን ሳያወልቅ ዘሎ ያወጣ እሱ ነው።

ሜትሩን ዘረጋሁ፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም፤
ያው ገላና ያዘልኝ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።
ከመታበት እስከ ወደቀበት፦ ሃያ ሁለት ሜትር።
ከመምታቱ በፊት የፍሬን ምልክት፦ የለም።
«ሳይረኑስ?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።
ሳይረኑ ከግንቦት ወዲህ ድዳ ነው፤ እሱ ያውቃል፣ አለቃው ያውቃል፣
እኔም አውቃለሁ፤ በወሩ ቅጽ ላይ
«ተሽከርካሪ፦ የተሟላ» ከሚለው ሥር
ተጋድሞ የተኛው ፊርማ የኔ ነው።

ጠዋት ኮማንደሩ በሩን ዘግተው ወንበር ሳቡልኝ፤
«ልጄ፣ ለእርዳታ የሮጠ እግር እሾህ አይመርጥም» አሉኝ፤
«እግረኛው ዘሎ ገባ በይ፤ ሟች እንደሆን አይመልስ፤
መቼም ሰማይ አይታረስ…»
አሉና ተዉት፤ ቀሪውን እኔ እንድጨርስ።

አልጨረስኩም።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ፣ ያለ መለዮ።
ከሰሌኑ ጠርዝ አንዲት ሴት፣ ዓይኗ በቡጢ ያበጠ፣
«የደወልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።
«ጎረቤት በእግሩ ደርሶ በሩን ገንጥሎ አወጣኝ፤
መኪናዋን እየጠበቅሁ ነበር።
ሰውዬውን እኔ ነኝ የገደልኩት? ንገሩኝ።»
ነዚፋ፣ የሸምሰዲን ሚስት፣ አንድ ቃል አልመለሰችም፤
ከሰሌኑ ላይ ገለል ብላ ቦታ ሰጠቻት እንጂ፣ ቀና ብላም አላየቻትም።

ማታ ፕላኑን ሣልኩ። ሰሜን ወደ ላይ። ወንዙ በነጥብ መስመር።
ሰውየው ትንሽ ክብ።
ነጂ፦ ገላና። ፍጥነት፦ ሜትሩ የሚለውን ያህል። ሳይረን፦ ከግንቦት ጀምሮ የለም።
«ይህንን ያውቁ የነበሩ» የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም፤
በማስመሪያ ሠራሁና፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ
እናቴ ያወጣችልኝን ስም ጻፍኩ።

በርጩማዋ ኤግዚቢት ክፍል ናት፣ እግሯ ላይ ቁጥር ታስሮባት፤
ጠባቂው እንኳ ሲደክመው ግድግዳ ይደገፋል እንጂ አይቀመጥባት።

ዛሬም ስልኩ ጮኸ። አዲሱ ሹፌር፣ ቁልፉ በእጁ፣ ዓይኑ እኔ ላይ።
«ሳይረኑ ይሠራል?»
«እንጃ፣ ሳጅን።»
ጊንጆ ሰው ይጮሃል።