ተረኛ

ደላላው ሸምሰዲን፣ የባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ፣
«ገንደ ቆሬ ናት» አለኝ፤ «ጠባብ ናት፤ ግን አትከፋ።»

አንድ በር፣ ግማሽ መስኮት። ግድግዳዋ ሰማያዊ ነበር፤
ከወገብ በታች ተልጦ የማላውቀው አገር
ካርታ መስሏል።
ጣራዋ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የላትም፤
ለድሬ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

አዴ ሩቅያ በሻሿ ጫፍ ላቧን ጠርጋ አየችኝ፤
ከእግሬ ጀምራ ወደ ላይ፣ በጫማዬ መዘነችኝ።
«ስንት ነሽ?»
«አንድ» አልኩኝ፤
የደቻቱን አሸዋ በጥርሴ መሃል አላመጥኩኝ።
«መታወቂያስ?»
መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌው የቤት ቁጥር ይላል፤
ቤት ለመከራየት ደግሞ መታወቂያ ያስፈልጋል፤
ሦስት ዓመት በዚህ ክብ ዞርኩ፣ ዓይኑ እንደ ተሸፈነ
የዘይት መጭመቂያ ግመል።
«ኋላ ታመጪያለሽ» አለች፤ «ብሩን አምጪ አቦ፣ ፀሐይ ነው።»

ብሩን ከጉያዬ አወጣሁት፤ ላብ ጠጥቶ ለስልሷል።
ግማሹን እኔ ታይዋን ገበያ ጆንያ ተሸክሜ፣
ግማሹን ኑሪያ ከዚራ በየግቢው ልብስ አጥባ።
ብር ግን የማን እንደሆነ አይናገርም፤
እኔም አልተናገርኩም።

ኑሪያን ለማያውቅ፦
በምድር ባቡር አጥር ሥር ካርቶን አንጥፈን ስናድር
ሕጋችን አንድ ነበር፤
አንዷ ስትተኛ አንዷ ትነቃለች።
መጀመሪያ እሷ፤ ድንጋይዋን በሁለት እጇ፣
እንደ ትኩስ ዳቦ፣ ጭኗ ላይ ታቅፋለች፤
የሌሊቷ የጫት መኪና ጥሩንባዋን ነፍታ ስታልፍ
በክርኗ ትነካኛለች፤ ተራሽ ነው።
ሰዓት ከየት ይመጣል? መኪናዋ ናት ሰዓታችን።
አንዳንዴ ባትሪ ይበራል፣ ድንገት፣ መሃል ዓይናችን፤
«ማነው እዚያ?»
ስም ፈልጎ አይደለም። «ማነው» ማለት
«ተነሺ» ማለት ነው፣
ካርቶንሽን እጠፊ፣ አጥሩ የመንግሥት ነው።

የመጀመሪያዋ ማታ፣
አዴ ሩቅያ ድራማዋን ስታይ፣ ድምፁ ግቢውን ሲሞላ፣
ኑሪያ በጓሮ ገባች፣ በጥላ ተከልላ።
ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።
«ግቢ እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ።
ደፍ ካየች ሦስት ዓመቷ ነው፤
ጎንበስ ብላ፣ ተረጋግታ፣
ጫማዋን አወለቀችበት።

ቁልፉን ከውስጥ አዞርኩት። ሁለቴ። ደግሞ ሦስተኛ።
«እንግዲህ ሁለታችንም እንተኛ።»
«እሺ» አለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።
ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ ቋ፣ ቋ እያለ ይተፋል፤
ከግድግዳው ማዶ የማን እንደሆነ ያላወቅነው ሕፃን ያስላል።
ከዚያ መኪናዋ ነፋች፤ ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ።
ክርኗ ጎኔን አገኘው።
«ተራሽ ነው።»
«ተኚ ኑሪያ፤ በር አለን።»
«በሩንስ ማን ይጠብቀው?»

ተነሣሁ። ምን እላታለሁ?

ሲነጋጋ ተንኳኳ።
ካርቶን አይንኳኳም። ሦስት ዓመት ማንም አላንኳኳብኝም፤
እጄ ድንጋዩን ፈለገ፤ የት እንዳኖረችው አላውቅም።
«ማነው?» አልኩ።
እኔ ነኝ ያልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ክፍሏን ዞረና
መልሶ ጆሮዬ ገባ፤ የሌላ ሰው መሰለኝና
ዞር ብዬ አየሁ።

«ውሃ መጥቷል፤ ጀሪካን አውጪ» አለች አዴ ሩቅያ፤
ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣
«አንድ ነኝ ብለሽኝ ነበር፤ ደጅሽ ላይ ጫማው ሁለት ጥንድ ነው።»
ትንፋሼን ዋጥኩ።
«ለጫማው ግድ የለኝም፤ የውሃው ሂሳብ ግን በሰው ነው።
ስንት ናችሁ?»

በሩን መክፈት አልቻልኩም፤ ኑሪያ በሩ ሥር ተንሸራታ፣
አፏን ከፍታ፣
ሲንኳኳ እንኳ አልነቃችም። እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም፤
እጆቿ ባዶ፣ ተዘርግተው።
በቁልፉ ቀዳዳ በኩል፣
«ሁለት» አልኩ፤ «ቀስ በይ፤ አንዷ ተኝታለች።»

ጀሪካን ግን አልነበረንም።