ባለቤት የሌለው ግስ

ደብዳቤው ማክሰኞ መጣ፣ ከላይኛው ቢሮ፤
ሐምራዊ ማህተም አለው፣ ቁጥሩ ተቆጥሮ፤
ኒሙ ሥር ተነበበ፣ ወንበር ተደርድሮ።
ገና አራት ሰዓት ነው፤
የድሬ ፀሐይ ግን መቼ ታውቃለች ቀጠሮ።

ኃላፊው ላቡን በመሐረብ ጠርጎ
ጀመረ፣ ድምፁን ከወትሮው ዝግ አድርጎ፦
«በዘር፣ በአባት ሙያ፣ በትውልድ የተነሳ
መድልዎ ተፈጽሟል። በጤናም ላይ ጠባሳ
መጣሉ ተረጋግጧል። ችግሩ ታምኖበታል።
እውቅና ተሰጥቷል።»
ተጨበጨበ።
ማን እንዳጨበጨበም አላየሁም።

እኔ የካርድ ክፍል ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ስም ስጽፍ የኖርሁ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የአያት፤
ከሰዋስው ትምህርት የቀረኝ ጥቂት።
ያም ሆኖ ገባኝ፦ ግሱ ሁሉ ወና ነው፣
የለበትም ባለቤት።

እንዲህ ነበር ነገሩ።
ከደቻቱ ማዶ፣ አሸዋው ሲያበቃ፣
ወናፍ የማይተኛበት፣ መዶሻ ቀድሞ የሚነቃ
አንድ ረድፍ ቤት አለ።
ከዚያ ለመጣ ሰው፣ ካርዱ ጠርዝ ላይ
በእርሳስ አንዲት ነጥብ፤ ላላወቀባት የማትታይ።
ማንም አላዘዘኝም። ከኔ በፊት የነበረችው
አሳየችኝ፤ እሷንም ሌላ ሰው፣ ያንንም ሌላው።
ነጥብ ያለበት ካርድ ከሥር ይገባል።
ነጥብ ያለበት ሰው መጨረሻ ይጠራል።
መርፌ የሚወጋውም እጁን ሁለቴ ይታጠባል፤
«ዓይናቸው ይበላል» ይለኛል በሹክሹክታ፣
ቀን ጋዋን ለባሹ፣ ክታብ አንጋቹ ማታ።

ሂንዲያ ሮብሌ። ሃያ ሁለት ዓመት። የመጀመሪያ እርግዝና።
እግሯ ከማበጡ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣችና
«ራሴን» አለችኝ፤ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል።»
«የእሳት ልጅ አይደለሽ» አልኳት፣ «ምን ያስደንቅሻል?»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ነጥቧን አኖርሁ።
ካርዷ ከሥር ገባ።
«ነገ ተመለሺ» ተባለች። ማን አላት? እንጃ።
ነገ አልነጋላትም።

የሞቷ ምክንያት ተጻፈ፦ «የደም ግፊት»።
አልዋሸም ሐኪሙ። ግፊት ነው በውነት።
የገፋው ሰው ስም ግን
ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ዛሬ እናቷ ኢፍቱ መጣች። ባዶ ወንበር ሞልቶ ፊት ለፊት
ከመጨረሻው ተቀመጠች፣ እንደለመደባት።
እጇን አነሳች፦
«ወረቀቱ መልካም ነው፤ አልጠላሁም እኔ።
ግን ባሌ ቀጥቃጭ ነው፤ አርባ ዓመት አየሁ በዓይኔ፣
ብረት ራሱን አይቀጠቅጥም።
ተቀጠቀጠ ካላችሁኝ፣
ማን ቀጠቀጠው እላለሁ።»
ኃላፊው ማስታወሻ ያዘ። «ኮሚቴ ይቋቋማል» አለ።

ሲበተኑ ላጲስ ይዤ መደርደሪያው ሥር ገባሁ።
አንዱን አጠፋሁ። አምስት። አርባ ያህል አጠፋሁ።
ላጲሱ ጠቆረ።
የመሳቢያው ማጠፊያ ሲጥ አለ፤
ሮብሌ የሠራው ማጠፊያ፣ በነጻ፣
ሂንዲያ ገና ስትድህ፣ «ለጤና ጣቢያችን» ብሎ።
እጄ ቆመ።
ነጥቦቹ ከጠፉ
እኔስ የት እገኛለሁ?

አመሻሽ ላይ ደቻቱን ተሻገርሁ። ውሃ የለውም፤
ጫማዬን አሸዋ ሞላው።
ሮብሌ ከወናፉ ቀና አለ። አላወቀኝም።
ወይም አወቀኝ።
«ምን ልሥራልሽ?» አለኝ።

አንድ ቃል ይዤ ነበር የመጣሁት፣ ባለቤቱ እኔ የሆንሁት፤
መንገዱን ሙሉ ስለማመደው፦ አደረግሁ፣ አደረግሁ።
እሳቱ ፊት ቆሜ
አፌን ከፈትሁ።