ሁለት ፉጨት

የፋብሪካው ጡሩንባ ሳይነፋ በሌሊት፣
ይቀሰቅሰኛል የሙኒባ ደረት።
ሲር... ሲር... ይላል፤
በተሰነጠቀ በር የሚገባ ነፋስ ይመስላል።

ፓፉን ከትራሷ ሥር ዳብሼ አወጣለሁ፣
እንደ እርጎ ቅል ሁለት ሦስቴ እንጠዋለሁ፤
ነርሷ በጋለ ማንኪያ ቂጡን በስታ
የሰጠችኝን ሃይላንድ ካፏ እገጥማለሁ በዝግታ።
"ሳቢ የኔ እናት፤ ያዢው፤ አብሽሪ።"
በጣቶቿ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤
ሰባት ላይ ስትደርስ፣ ሁሌም፣ ታጭበረብራለች።

ከግንቡ ወዲያ ነው የምሠራው፣ ከብረት ማቅለጫው፤
ጠዋት ጠዋት ጣሪያችንን ተሻግሮ ያልፋል የጭስ ማውጫው
ጥላ።
ዘሃራ ገመዱ ሥር ቆማ ታያለች ነፋሱን፤
ከቦርከና በኩል ከመጣ ትዘረጋለች ልብሱን፣
ከግንቡ ከመጣ ግን፣ እርጥቡን ሁሉ ጠቅልላ
ትገባለች፣ ሙኒባን አስከትላ።

ከፈረቃ ስመለስ ቱታዬን ደጅ አወልቃለሁ፤
ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ በጀሪካን ውሃ እስካንገቴ እታጠባለሁ።
እሷ መታገሥ አታውቅ፣ ሮጣ ትመጣለች፤
"ቆይ! አትንኪኝ!" ስላት
ግቢው መሀል እጆቿን እንደዘረጋች ትቆማለች።

ሳሏም መድኃኒቷም የሚወጣው ካንድ በር፤
ፈርሜ ከምቀበለው ብር
ግማሹ ፋርማሲ ያድራል።
እንድሪስ "ልቀቅ" ይለኛል።
እሱም እዚያው ነው የሚሠራ።

ባለፈው ወር ደሴ፣ ለቀጠሮ ስንወጣ፣
ሐረጎ ጥምዙ ላይ ሚኒባሱ ጎማው ፈነዳ።
ወረድን። እኔ ለረዳቱ ድንጋይ ሳቀብል ለጎማ፣
እሷ ባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ሮጠች፤ ብጠራት ላትሰማ።
ላብ በላብ ሆና ተመለሰች፤
"አባ፣ ስማው" አለች፣ ደረቷን ጠቁማ።
ጆሮዬን ለጠፍኩ።
ልቧ ብቻ። ሲር የለም።

"ቤታችን የቱ ነው?" አለች፣ ቁልቁል ኮምቦልቻን እያየች።
ጣቴን ዘረጋሁ፤ እዚያ፣ ከጭሱ ሥር።
አንድ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን አነሣች፣
ማውጫውን፣ ግንቡን፣ ያን ሁሉ አመድማ ጉም ሸፈነች፤
"አየህ? ጠፋ" አለች።
ቤታችንም አብሮ መጥፋቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ ሌሊት ጡሩንባው ቀደመ።
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ከራስጌዋ ቆሜ፣
ሌላኛውን ፉጨት እጠብቃለሁ፣
እንዳይመጣ።