የሱወይድ ነሐስ

ጁልፋር፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሙቀት ሳይበረታ፣
የገበያው ዳኛ፣ ሱወይድ፣ የኔ ጌታ
(ነጻ ቢያወጣኝም አልተወውም አፌ)
ነሐሷን ስሰጠው ጨርቋን ገፍፌ፣
በእጅጌው ጫፍ ይዞ ይወለውላታል፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ፀሐይ ያስመስላታል።
«አቧራም ይዋሻል፤ ልብ በል መርጃን፣
ጉድፍ ከጫነበት ምን ሊሆን ነው ሚዛን።»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ። ስንዴ ቢሆን ተምር፣
ዝንጅብል ከህንድ፣ ዕንቁ ከጥልቅ ባሕር፣
በዚያች ነሐስ ፊት ነው ሁሉም የሚቆመው፤
ቱጃሩም ምንዱቡም በሷ ነው የሚያምነው።

የሲራፉን ማህያር፣ ያን ዕንቁ ነጋዴ፣
ጎትቼ ያቀረብሁት እኔው ነኝ፣ በክንዴ።
ጥፋቱ? ድንጋዩ በአንዲት ገብስ ፍሬ
ከነሐሷ ከብዶ። ሕዝቡ «አንተ አውሬ!
የጠላቂ ትንፋሽ ትሰርቃለህ!» አለው።
«ያባቴ ነው፣ ልክ ነው» ቢል፣ ማን ሊሰማው።
በአህያ አስቀመጥነው፣ ፊቱን ወደ ጭራ፣
ቃጭል አንገቱ ላይ፤
የዓሣ አንጀት ሲወረውር ልጁ በየተራ።

በዓመቱ ሞተ አሉ። ዕዳ ነው ወይ ሐፍረት?
የተምር ወራት ነበር፤ ማን ሊጠይቅ በዚያ ሰዓት።

ዘንድሮ ከባስራ መጣ አዲስ መስፈሪያ፣
እጅ ያልዳበሰው፣ ያልገባ ከጉያ።
ከጎኑ ብናኖራት ሚዛን ተላወሰች፤
የኛይቱ ነሐስ ሽቅብ ተሰቀለች።
«ስንት?» አለኝ ጌታዬ።
«አንዲት ገብስ ፍሬ።»
ያችው ናት። ያችው ናት፣ የያኔዋ፣ ዛሬ።

እጅጌውን አየ፤ አረንጓዴ ጫፉን፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠርጋት መትጋቱን።
በጽድቅ ፋቃት እንጂ ሌባ መች ነካካት፤
ያው ጥንቃቄው ነበር ቀን በቀን የበላት።

«ዑለማው ጽፈዋል» አልሁት፣ «ሳያውቅ የበደለ
ወንጀል የለበትም።»
ዝም አለ። ቆይቶ አለ፦
«ወንጀል ባይኖርብኝ፣ ዕዳ ግን አለብኝ፤
አህያዋን አምጣ፣ ፊቴን አዙርልኝ።»

ጫንሁት። ቃጭል አሰርሁ። ገበያው ዝም አለ።
አንድ ልጅ የዓሣ አንጀት አነሳ፤ መልሶ ጣለ።
የማህያር ሚስት ደጅ ስንደርስ በሩ ዝግ ነው፤
እስኪመሽ አንኳኳን፤
የወፍጮ ድምፅ ብቻ ከውስጥ የሰማነው።

ማታ ከረጢቱን ስፈታ አገኘኋት፤
ልወለውላት ብዬ፣ ጀመርሁና ተውኋት።