የባለቤት ስም

የቀትሩ ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ፣
ኡባህ ጆንያዋን ፈታች፤ ልባሽ ልብስ።
ከሥሩ ግን፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣
የባሕር ኤሊ ቅርፊት፣ ሆዱ ጎድሎ።

«ምን አለበት?» አለች፣ «ድሬ ባሕር የላት!
ደቻቱም አሸዋ ነው፣ ጎርፍ ካልመጣለት።»

ባይሳ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፣
አንቀጹን በጣቱ ቁልቁል ፈለገ፤
«አይታደንም፣ አይሸጥም፣ ኬላ አያልፍም» ይላል፤
ውኃ በጀሪካን የሚገዛ ሰው የባሕር ሕግ ያነባል።

መዝገቡን ገለጠ። ዓይነት፦ ቅርፊት።
ብዛት፦ አንድ። የዋጋዋን ሣጥን ባዶ ተዋት።
የባለቤት ስም?
ኡባህን አያት።
«የኔ አይደለም፤ ሰው ነው አድርሺ ያለኝ።»
ብዕሩን ጥቂት አቆመ፤
«ባሕር» ብሎ ጻፈ፤ አተመ።

ማታ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ፣
ባሕር አይቶ የማያውቀው ሰው፣ ፈዞ፣
ጣቱን ቀመሰ።
ጨው ነበር።