ፎርማት ላድርገው?

ሂርማታ ገበያ፣ ከብርድ ልብስ ተራ፣
ከአንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ስልክ ነው የምሠራ።
ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ሲደለቅ ይውላል፤
ደንበኛ ሲያወራኝ አፉ ብቻ ይታያል።

ሙንተሃ ገባች ጥላዋን አጥፋ፣
ፌስታሉን ፈትታ፣ ሻርፑን አራግፋ፣
ሃርድ ዲስክ አወጣች፣ ጠርዙ የተፋቀ፣
«አባ፣ ዝናብ» የሚል ወረቀት ጀርባው ላይ የተጣበቀ።

ኑርሁሴን አባ ኦሊ ዝናብ ለኪ ነበር።
ጠዋት በሦስት ሰዓት ጣሳውን ሲመረምር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይቀር፣
ጠብ ያላለ ለታም «ዜሮ» ብሎ ሲያሰፍር።
ደብተሮቹን ሁሉ ፎቶ አንሥታ በተራ፣
ድምፁንም ቀድታ፣ ሳይደክም ሲያወራ፣
ዲስኩ ላይ አኖረች። ማክ ነበር ያኔ ያላት፤
ዲስኩም አፉን ፈታ በማክኛ፣ ሳይታወቃት።

ወንድሟ ዚክሪ አለ፣ አጋሮ ነው ቤቱ፣
ዊንዶውስ ነው ያለው ከጥንት ከጥዋቱ።
ታናሿ ራዲያ ኪቶ ፉርዲሳ ናት፣
ኡቡንቱ የጫነች፣ ነፃ ስለሆነላት።
ሦስት ልጅ፣ አንድ አባት።

ሰካሁት ከዊንዶውስ። አሰበ፣ አሰበና
እንደ መሥሪያ ቤት ዘብ ግንባሩን ቋጠረና፣
«ይሄን አላውቀውም» አለ፣ «ልትሠራበት ካሻህ
ፎርማት ላድርገው?»
ምን ያለ ጨዋ ነህ!
ለማታውቀው እንግዳ፣ ደጅህ ለቆመው፣
የፊተኛው ቃልህ «ላጥፋህ ወይ» ነው?

ሙንተሃ አንጓዬን ያዘች። ጣቷ ቀዝቅዟል።
ባዶ መስሎት እኮ ነው። ያልገባን ሁሉ ባዶ ይመስላል።

ኡቡንቱ ይሻላል፤ በሩን ከፈተልን፣
ገጹን አሳየን፣ ድምፁን አሰማን፤
አንድ ቃል ልንጽፍ ስንል ግን ከለከለን።
እንደ አማት ቤት ሳሎን፦ ግባ፣ ተቀመጥ፣
ማጀት ግን አትዝለቅ።

እናቴ ዳውሮ ናት፣ አባቴ የም ነው።
በዳውርኛ ስትቆጣው
ግማሹ ሳይገባው አንገቱን ይነቀንቅ ነበር።
አንድ ቀን እንኳ
«ይቺን ሴት ፎርማት ላድርጋት?» ብሎ አልጠየቀም።

መላ አለው። ኤክስፋት የሚባል ወግ አለ፣
ከሦስቱም ቤት ገብቶ መውጣት የታደለ።
ግን ወደዚያ ወግ ዲስክ ሞልቶ አይሻገርም፤
መጀመሪያ ባዶ ካልሆነ አይሆንም፤
ያለውን አራግፎ፣ ሌላ ቤት አስጠግቶ፣
ራሱን ደምስሶ፣ እንደ አዲስ ተነሥቶ።

ጎረቤቴ አሸብር ሠርግ ነው የሚቀርጸው፤
«አደራ ሙሽሮቼን» እያለ የሰጠው
ትልቅ ዲስክ ነበር። እዚያ ነው ያሳደርነው፦
ከዘፋኝና ከኬክ፣ ከቬሎ መካከል፣
የሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ሲጠለል።

ስልሳ በመቶ ላይ መብራት ድርግም አለ።
የማኳ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።
በጨለማ ተቀመጥን። ቆርቆሮው ይጮኻል።
«አባ ቢሰማው» አለች፣ «ይሄ አርባ ይሆናል፤
አርባ ሁለት ሚሊ።»

መብራት መጣ። እንደገና ከአንድ ጀመርን።
ፋይል ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን።
«እኔ ልጫነው» አለች፤ ሰጠኋት ማውሱን።
ተጫነች።
ለአንድ አፍታ ኑርሁሴን አባ ኦሊ
የትም አልነበረም፣
በሰው ሠርግ መሀል፣ በተውሶ፣ ካልሆነ በቀር።

ቅዳሜ ዚክሪ መጣ፣ ከአጋሮ በሚኒባስ፤
ዊንዶውሱ ከፈተው ያለ አንዳች ክስ።
የአባቱ ድምፅ ሲወጣ፣ ቀንና ሚሊ ሲቆጥር፣
ዚክሪ በሩ ላይ ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቅ መሰለ።
ራዲያ ተቀበለች፤ አዲስ ፋይል ከፈተች፣
ከኡቡንቱዋ ሆና የዛሬን ቀን ጻፈች።
«ስትነቅሉት ተሰናበቱት» እያልኩ ሳስጠነቅቅ፣
«ሳይሰናበቱ የነቀሉት ይጎዳል» እያልኩ፣
ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፦
«ሂርማታ። ዘነበ። አልተለካም።»