በስንት ገዛኸው?

ሞተሬን ታቅፌ እንደታመመ ልጅ፣
ቆሜያለሁ በዝናብ ከዘይኑ ሱቅ ደጅ።
ከአጂፕ እስከዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁ፣
ባጃጅ ሳላስቆም፤ መዘግየት ፈለግሁ።

ባለፈው ጥቅምት ነው። እዚሁ ዱካ ላይ
አስቀመጠኝ ዘይኑ፤ አስመጣልኝ ሻይ፤
ሸራውን ገለጠ ከአዲሱ ሞተር፤
ከዋጋው በፊት ግን ስለ ውሃው ጀመር፦
«ግልገል ጊቤን አትመን፤ ሐይቅ አይደለም እሱ፤
እርሻ ነው፣ አጥር ነው፣ ዛፍ ነው ከነራሱ፤
ውሃ አለበሰው እንጂ ማን ነቀለው ጉቶውን?
በጋ ሲጎድል ነው የሚያሳይህ ጥርሱን።»
ስለ ዘይቱ ልክ፣ ስለ ካንዴላው ዕድሜ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ ሳይሰለች፤
ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች።
እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፣
ዋጋውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣
«መክሬበት እመጣለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ሀዋሳ ስምንት ሺህ ብር ይረክሳል።
ስምንት ሺህ ብር ደግሞ ማን ይንቃል?
ሄድኩ፣ ገዛሁ። ጀልባው ከነሞተሩ ተጭኖ
በአይሱዙ ጀርባ፣ በሽንኩርት ጆንያ ተከድኖ፣
ሶዶን አልፎ፣ ጭዳን አልፎ፣ ሌሊት ጅማ ገባ።
በተረፈን ብር ጥጃ ገዛች ራቢያ፤
ስሟንም «ትርፌ» አለቻት።

አራት ወር፣ አምስት ወር ቆሮሶ ጫንን፤
በዘይኑ ሱቅ ፊት ግን
በማዶ በኩል ነው የምናልፍ፣ አንገታችንን ሰብረን።

ሚያዝያ ላይ ውሃው ሸሸ።
ቋ! አለ ከሥራችን።
ሞተሩ ይጮሃል፤ ጀልባዋ ፍንክች የለችም።
እኔና ፈየራ፣ አንዱ በክዳን፣ አንዱ በሚዛን ሳህን
እየቀዘፍን ዳር ደረስን፣ ሲመሽብን።

ሀዋሳ ደወልኩ።
«ዋስትና አለህ እኮ! አምጣውና እናያለን።»
ዋስትናው እዚያ፣ ስብራቱ እዚህ፤
በመሃል የአንድ ቀን መንገድ፣ የጭነት ሒሳብ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ አፈርኩ። ጀልባዋ ሣር በቀለባት።
በሦስተኛው ሐሙስ ትርፌን ሂርማታ ወስደን ሸጥናት።

«ግባ እንጂ» አለኝ ዘይኑ፣ «ለማን ነው የምትረጥበው?»
የት ገዛኸው አላለም። ሸራ ላይ አስተኛው፣
ፈታው፣ ሁለት ጣቱን ሰደደ፣ አወጣ፦
የክብሪት እንጨት የምታህል የነሐስ ፒን፣ ለሁለት የተቆረጠች።
«ይቺ ናት። ለመሰበር ነው የተሠራችው።
ጉቶ ሲገጥምህ እሷ ትሰበራለች፣ ሞተሩ እንዲተርፍ ነው።
ከኔ ለሚገዛ አራቱን በላስቲክ ጠቅልዬ
እጀታው ሥር አስራለሁ፤ ሳልነግረውም፣ ዝም ብዬ።»

ሃያ አምስት ብር። ለእጁ ደግሞ መቶ።
ግን ተራ አለ፤ አምስት ሞተር ግድግዳውን ተጠግቶ፣
በጠመኔ ስም ተጽፎበት፤ የኔ ስም የለበት።
«ከኔ የገዙ ይቀድማሉ» አለ፤ ቁጣ የለበት።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።
አንድ ወጣት ገባ፣ ከደነባ፤ ጫማው ጭቃ።
ሻይ መጣለት። ሸራው ተገለጠ።
«ግልገል ጊቤን አትመን፤ እርሻ ነው፣ አጥር ነው…»
ቃል በቃል ሰማሁት፣ እንደ አዲስ።
ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን አወጣ።
ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ወደ ሞተሬ፦
«ይሄስ፣ ወንድሜ? የት ነው? በስንት ገዛኸው?»

ዘይኑ ቀና አላለም፤ ብሎን በቤንዚን ያጥባል፤
ግን እጁ ቆመ።
ፒኗን አሰብኩ፤ የሚዛኑን ሳህን፤
ትርፌን፣ ገዢዋን ተከትላ፣ ዞር ብላ ያየችንን።
«ገና ነው» አልኩት፣ «እየከፈልኩት ነው፤
ስንት እንደሆነ ሳውቅ እነግርሃለሁ።
አሁን ስልክህን አስቀምጥና ሻይህን ጠጣ፤
ይቀዘቅዛል።»